ከዜሮ በታች ቦታ የለም፦ ቁጥርን ወደ አንሳይንድ ስንቀይር ምን ይፈጠራል?

4294967295።

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይህን ቁጥር አንድ ቀን ማየቱ አይቀርም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ፋይል የሚገለብጥ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ስሞክር ነው። ስክሪኑ ላይ «የቀሩ ፋይሎች፦ 3» አለ። ከዚያ 2፣ 1፣ 0 እያለ ወረደ። አለቀ ብዬ ስጠብቅ «የቀሩ ፋይሎች፦ 4294967295» ብሎ ቁጭ አለ። እንዲገለበጡ የሰጠሁት 12 ፋይሎች ብቻ ነበር።

ሜሞሪ ተበላሽቶ ነው ብዬ ለሰዓታት ፈለግኩ። ሜሞሪው ደህና ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ፋይል በስህተት ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከ12 ላይ 13 ቀነሰ። መልሱ -1 መሆን ነበረበት። መልሱን የያዝኩበት ቫሪያብል፣ ማለትም ቁጥር ማስቀመጫው፣ ግን አንሳይንድ ነው፤ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር አይይዝም፣ -1 የሚባል አያውቅም። በ-1 ፈንታ የሚያውቀውን ትልቁን ቁጥር አወጣ።

ቁጥርን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ መቀየር ተራ ነገር ይመስላል። አንድ ቃል ጽፎ ማለፍ ነው። ግን ወደ አንሳይንድ በምንቀይርበት ቦታ ሁሉ አንድ ጥያቄ ተደብቆ አለ፦ የማይገባ ቁጥር ቢመጣስ? እናንተ ካልመለሳችሁት ቋንቋው ይመልስላችኋል። ችግሩ ቋንቋዎች መልሳቸው አንድ አይደለም። አንዳንዱም መልሱን ሳይነግራችሁ ያልፋል።

ስምንት ቤት

ኮምፒውተር ሙሉ ቁጥርን የሚያስቀምጠው በቢት ነው። ቢት 0 ወይም 1 ብቻ የሚይዝ ቤት ነው በሉት። ስምንት ቤት ሲደረደር አንድ ባይት ይሆናል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ክብደት አለው። ከቀኝ ወደ ግራ ስንሄድ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128 ነው። ቤቱ ውስጥ 1 ካለ ክብደቱ ይደመራል። 0 ካለ ይታለፋል። ሁሉም 1 ሲሆኑ ድምሩ 255 ይመጣል።

አንሳይንድ፣ ማለትም ምልክት አልባ ሙሉ ቁጥር፣ ይኸው ነው። የመቀነስ ምልክት የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ባለ8 ቢቱ ከ0 እስከ 255 ይይዛል። ባለ16 ቢቱ እስከ 65535፣ ባለ32 ቢቱ እስከ 4294967295፣ ባለ64 ቢቱ እስከ 18446744073709551615 ይደርሳል።

ምልክት ያለው ቁጥር፣ ሳይንድ የምንለው፣ ልዩነቱ አንድ ቤት ላይ ብቻ ነው። በግራ ጫፍ ያለው ቤት ክብደቱ 128 መሆኑ ይቀርና -128 ይሆናል። ሌሎቹ ሰባቱ እንደነበሩ ናቸው። ስለዚህ ትንሹ ቁጥር -128፣ ትልቁ 127 ይሆናል። ይህ አሠራር ቱስ ኮምፕልመንት ይባላል። ዛሬ በእጃችን ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ቁጥርን የሚይዙት እንዲህ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2020 መስፈርቱ ይህንን ግዴታ አድርጎታል፤ የሲ ቋንቋም ሲ23 በተባለው መስፈርቱ ተከትሎታል።

አሁን ስምንቱንም ቤት 1 አድርጉና ሁለት ጊዜ አንብቡት። በአንሳይንድ ዓይን 128 ሲደመር 127፣ 255 ነው። በሳይንድ ዓይን -128 ሲደመር 127፣ -1 ነው። ቢቶቹ ያው ናቸው። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። «አለ» የሚለውን ቃል አላልታችሁ ስታነቡት «ተናገረ» ማለት ነው። አጥብቃችሁ ስታነቡት «ይገኛል» ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊደል አልተነካም። የተለወጠው አነባበቡ ነው።

በመጠን እኩል የሆነ ሳይንድ ቁጥርን ወደ አንሳይንድ መቀየርም፣ በሲ እና በዘመዶቹ ቋንቋዎች፣ ይኸው ነው። ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። የግራው ቤት ክብደት ከ-128 ወደ 128 ስለተለወጠ የቁጥሩ ዋጋ በ256 ያድጋል። -1 ላይ 256 ስትደምሩ 255። -3 ላይ 256 ስትደምሩ 253። ለባለ32 ቢት የሚደመረው 4294967296 ነው። ስለዚህ -5 ሲቀየር 4294967291 ይሆናል። የእኔ የፋይል ቆጣሪ ምስጢርም ይኸው ነበር፦ 4294967296 ሲቀነስ 1።

ፖዘቲቭ ቁጥሮች ላይ ግን ምንም አይታይም። የግራው ቤት 0 ስለሆነ ክብደቱ ምንም ቢሆን አይደመርም። ስህተቱ ተደብቆ የሚቆየውም ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ በ5 ይሠራል፣ በ100 ይሠራል፣ ለወራት ይሠራል። አንድ ቀን -1 ይመጣል።

ከትልቅ ወደ ትንሽ

300ን ባለ8 ቢት አንሳይንድ ውስጥ ለማስገባት ዘጠኝ ቤት ያስፈልጋል። ያለን ስምንት ነው። በሲ ቋንቋ የግራው ትርፍ ተቆርጦ ይጣላል። 300 ማለት 256 እና 44 ነው። 256ቱ የዘጠነኛው ቤት ድርሻ ነበርና ይሄዳል። የሚቀረው 44 ነው። በሌላ አነጋገር ቁጥሩን ለ256 አካፍላችሁ ቀሪውን ትወስዳላችሁ። 256 ራሱ 0 ይሆናል፣ 257 ደግሞ 1።

ይህ መዞር ከቤታችን ኮምፒውተር ውጭም አለ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚልኩት የቆየው መልእክት የሳምንቱን ቁጥር በ10 ቢት ነው የሚይዘው። ከ0 እስከ 1023 ማለት ነው። 1024ኛው ሳምንት ሲደርስ ወደ 0 ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1999 ተመልሷል። በሚያዝያ 2019 እንደገና ተመልሷል። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ መሣሪያ ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይስታል።

መዞር ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለት ግን አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ስጦታ ነው። ሚሊሰከንድ የሚቆጥር ባለ32 ቢት አንሳይንድ ሰዓት አላችሁ እንበል። ሥራ ስትጀምሩ 4294967290 ላይ ነበር። ስትጨርሱ ዞሮ 5 ላይ ደርሷል። ስንት ሚሊሰከንድ አለፈ? በአንሳይንድ 5 ሲቀነስ 4294967290 ብትሉት 11 ይመልስላችኋል። ልክ ነው። እስከ መዞሪያው 6፣ ከዚያ ወዲህ 5። ቅነሳው ራሱ ስለሚዞር መዞሩን ያርመዋል። ይህን ሳያስቡ ሁለቱን ሰዓቶች «የትኛው ይበልጣል» ብለው የሚያወዳድሩ ፕሮግራሞች ናቸው የሚሳሳቱት። 4294967296 ሚሊሰከንድ 49.7 ቀን ነው። ዊንዶውስ 95 ሳይጠፋ ይህን ያህል ቀን ከቆየ የሚደርቅበት ስህተት ነበረው፤ ምክንያቱም ይኸው ቆጣሪ ነው።

«ሀ» እንዴት -31 ይሆናል?

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው ከትንሽ ሳይንድ ወደ ትልቅ አንሳይንድ ሲቀይር ነው። ከትንሽ ወደ ትልቅ ስለሆነ «ይገባል፣ ምን ችግር አለው» እንላለን። እስቲ በአንድ ፊደል እንየው።

«ሀ» የሚለው ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው ፊደልን በባይት የማስቀመጫ ስልት ሲቀመጥ ሦስት ባይት ይወስዳል፦ 225፣ 136፣ 128። ሦስቱም ከ127 በላይ ናቸው። የአማርኛ ፊደል ባይት ሁሉ እንዲህ ነው፤ ከ128 የሚያንስ አንድም የለበትም። የእንግሊዝኛ ፊደላት ደግሞ ሁሉም ከ128 በታች ናቸው።

በሲ ቋንቋ ጽሑፍ የሚያዝበት «ቻር» የሚባለው ዓይነት ሳይንድ ይሁን አንሳይንድ መስፈርቱ አልወሰነም። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ለኮምፓይለሩ፣ ትቶታል። በተለመዱት የኢንቴል ዓይነት ኮምፒውተሮች ሳይንድ ነው። ስለዚህ 225 የነበረው ባይት -31 ተብሎ ይነበባል። 136ቱ -120፣ 128ቱ -128 ይሆናሉ።

አሁን ይህን -31 ወደ ባለ32 ቢት አንሳይንድ ብትቀይሩት 225 ተመልሶ ይመጣል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አይመጣም። ቋንቋው መጀመሪያ ዋጋውን ይጠብቃል። -31 በ32 ቢት ሲጻፍ በግራ በኩል የተጨመሩት 24 ቤቶች በሙሉ 1 ይሆናሉ። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ሆኖ እንዲቀጥል የግራው ቤት ይዘት እየተደገመ ይሞላል። ከዚያ ያ ሁሉ 1 በአንሳይንድ ይነበባል። ውጤቱ 4294967265 ነው። ይህን ቁጥር ይዛችሁ 256 ቦታ ያለው ሠንጠረዥ ውስጥ ፊደል ስትፈልጉ አስቡት። ፕሮግራሙ የእሱ ያልሆነ ሜሞሪ ውስጥ ይገባል።

መድኃኒቱ አንድ እርምጃ መጨመር ነው። መጀመሪያ በዚያው መጠን ወደ ባለ8 ቢት አንሳይንድ ቀይሩት፤ 225 ይሆናል። ቀጥሎ ወደ 32 ቢት አስፉት። አሁን በግራ የሚሞላው 0 ስለሆነ 225 እንደ 225 ይቆያል። ቅደም ተከተሉ ነው ልዩነቱን ያመጣው። መጀመሪያ አስፍቶ ቀጥሎ ምልክት መጣልና መጀመሪያ ምልክት ጥሎ ቀጥሎ ማስፋት አንድ አይደሉም።

የጃቫ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ጃቫ ባይቱ ሁልጊዜ ሳይንድ ነው። ባለ16 ቢቱ ቻር ሲቀር ምልክት አልባ ዓይነት የለውም። ከፋይል ያነበባችሁት ባይት -31 ቢሆን ከ255 ጋር በቢት ደረጃ «ኤንድ» ታደርጉታላችሁ። ያ ድርጊት የታችኛዎቹን ስምንት ቤቶች ብቻ ይተውና 225ን ይመልስላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 ደግሞ ሳይንዱን ቁጥር እንደ አንሳይንድ የሚያነቡ፣ የሚያወዳድሩና የሚያካፍሉ መሣሪያዎችን ጨምሯል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር ያንገበግበኛል። በእንግሊዝኛ ብቻ የተሞከረ ፕሮግራም ይህን ስህተት በጭራሽ አያሳይም። የመጀመሪያው አማርኛ፣ ዓረብኛ ወይም ቻይንኛ ጸሐፊ እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው።

ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች

ነጥብ ያለው ቁጥር ወደ አንሳይንድ ሲቀየር በሲ፣ በጎ፣ በረስት ቋንቋዎችም ከነጥቡ በኋላ ያለው ይጣላል። 3.99 ሲቀየር 3 ነው። ማጠጋጋት የለም። ይህ ብቻውን ብዙ ሰው ያሳስታል። 0.29ን በ100 አባዙት። 29 ትጠብቃላችሁ። ኮምፒውተሩ ግን 0.29ን በትክክል መያዝ ስለማይችል ውጤቱ 28.999999999999996 ነው። ወደ ሙሉ ቁጥር ስትቀይሩት 28 ይሆናል። ስለዚህ ማጠጋጋት ከፈለጋችሁ ከመቀየራችሁ በፊት ራሳችሁ አጠጋጉ። ያኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልብ በሉ። 255.6 ሲቆረጥ 255 ነው፤ ባለ8 ቢት ውስጥ ይገባል። ሲጠጋጋ 256 ነው፤ አይገባም። ወሰኑን የምትፈትሹት ካጠጋጋችሁ በኋላ መሆን አለበት።

ከወሰን ውጭ የሆነ ነጥብ ያለው ቁጥር ሲመጣ ነገሩ ይከፋል። ሙሉ ቁጥር ላይ የነበረው የመዞር ሕግ እዚህ አይሠራም። የሲ መስፈርት -1.0ን ወደ አንሳይንድ ስትቀይሩ ምን እንደሚሆን አልደነገገም። ማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል። በተግባር ኢንቴል ዓይነት ኮምፒውተር ላይ -1.0 ወደ ባለ32 ቢት አንሳይንድ ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ 4294967295 ይወጣል። በስልኮች ውስጥ በሚገኘው አርም ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ 0 ይወጣል። አንድ ኮድ፣ ሁለት መልስ። ላፕቶፓችሁ ላይ ሞክራችሁ ስልክ ላይ ስትጭኑት የሚለወጠው ለዚህ ነው። -0.5 ግን ደህና ነው፤ ነጥቡ ሲቆረጥ 0 ስለሚሆን ይገባል።

ነጥብ ያለው ቁጥርን ወደ ሙሉ ቁጥር መቀየር ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል የታየው እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 ነው። አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈረንሳይ ጉያና ተወነጨፈ። 40 ሰከንድ ሳይሞላው አቅጣጫውን ስቶ ተበታተነ። አራት የምርምር ሳተላይቶችም አብረውት ጠፉ። ምክንያቱ ከአግድመት ፍጥነት ጋር የተያያዘ አንድ ባለ64 ቢት ነጥብ ያለው ቁጥር ነው። ወደ ባለ16 ቢት ሳይንድ ሲቀየር ከ32767 በለጠ። ኮዱ ከአሪያን 4 የተወሰደ ነው። አሪያን 4 ላይ ያ ቁጥር ይህን ያህል አያድግም ነበር።

እዚያ የነበረው ዒላማ ሳይንድ ነው፤ ጥያቄው ግን ያው የእኛ ጥያቄ ነው። ትኩረቴን የሚስበው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈበት አዳ ቋንቋ ስህተቱን አላለፈውም። ያዘው፣ አሳወቀ። ግን ከተያዘ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ለዚያ ቁጥር አልተጻፈም ነበር። ስለዚህ የአቅጣጫ ኮምፒውተሩ ሥራውን አቆመ። ተጠባባቂው ኮምፒውተርም በዚያው ኮድ፣ በዚያው ቁጥር፣ ቀድሞ ቆሞ ነበር። ስህተትን መያዝ ግማሽ መልስ ነው።

ቋንቋዎቹ ምን ይላሉ?

የማይገባ ቁጥር ሲመጣ የሚቻሉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ማዞር አንዱ ነው፤ 300 ወደ 44። ጠርዝ ላይ ማቆም ሌላው ነው፤ 300 ወደ 255፣ -5 ወደ 0። እምቢ ማለትም አለ። መጨረሻው ደግሞ የሲ ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች ላይ ያየነው ነው፤ ምንም ቃል አለመግባት።

ይህን በግልጽ ያስቀመጠልን በእኔ እምነት ስዊፍት ነው። በተራው መንገድ 300ን ወደ ባለ8 ቢት አንሳይንድ ብትቀይሩ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል። ሌላ ነገር ከፈለጋችሁ በስሙ መጥራት አለባችሁ። ቢቱን ቁረጥ የሚል አጻጻፍ አለ። ጠርዝ ላይ አቁም የሚል አለ። በትክክል ካልገባ ባዶ መልስ ስጠኝ የሚልም አለ። ኮዱን የሚያነብ ሰው ጸሐፊው ምን እንዳሰበ ያያል።

ረስት ሁለት በር አለው። አጭሩ መንገድ ሙሉ ቁጥሮችን ዝም ብሎ ይቆርጣል። ረጅሙ መንገድ ገባ ወይም አልገባም ብሎ ውጤቱን በስህተት ምልክት ይመልሳል። ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች ላይ አጭሩ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ከ1.45 እትሙ ወዲህ፣ ጠርዝ ላይ ያቆማል። ጎ ደግሞ ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈ 300ን ገና ኮምፓይል ሲደረግ ይከለክላል። ቁጥሩ በቫሪያብል ከመጣ ግን አፉን ዘግቶ ይቆርጠዋል። ሲ ሻርፕም በተለመደው አካሄዱ ይቆርጣል፤ «ቼክድ» በሚል ቃል ውስጥ ካስገባችሁት ስህተት ያነሳል። ማትላብ ያጠጋጋል፣ ጠርዝ ላይም ያቆማል፤ 2.5 እዚያ 3 ነው፣ 300 ደግሞ 255።

ፓይተን ራሱ አንሳይንድ የሚባል ነገር የለውም። ሙሉ ቁጥሩ የፈለገውን ያህል ያድጋል። ባለ32 ቢት አንሳይንድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከ4294967295 ጋር «ኤንድ» ታደርጉታላችሁ። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ተራው ቁጥር ነጥብ ያለው ባለ64 ቢት ነው። ሦስት የ«ይበልጣል» ምልክት ደርድራችሁ በዜሮ ወደ ቀኝ ስትገፉት ባለ32 ቢት አንሳይንድ ይሆናል፤ -1 ብትሰጡት 4294967295 ይላችኋል።

ጃቫስክሪፕት ለባለ8 ቢት ሁለት ዓይነት ድርድር፣ ማለትም በተርታ የተቀመጡ ቁጥሮች መያዣ፣ አለው። አንዱ ያዞራል፣ ሌላው ጠርዝ ላይ ያቆማል። ለምን ሁለት አስፈለገ? ፎቶ ላይ አስቡት። የአንድ ነጥብ ብርሃን ከ0 እስከ 255 ነው። ደመናው ላይ ያለ ነጥብ 250 ነው። ፎቶውን ለማብራት 20 ጨመራችሁ፤ 270 ሆነ። ቢዞር 14 ይሆናል። ነጭ ደመና መሀል ጥቁር ነጥብ ማለት ነው። ጠርዝ ላይ ቢቆም 255፣ ማለትም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ለምስል ትክክሉ ይህ ነው። ለሰዓት ቆጣሪው ደግሞ መዞሩ ነበር ትክክሉ። ጠርዝ ላይ የሚያቆም ሰዓት የቆመ ሰዓት ነው። ስለዚህ «የቱ ይሻላል» ብሎ በደፈናው መጠየቅ አያስኬድም። ቁጥሩ ምንድን ነው ብላችሁ ነው የምትጠይቁት።

ሳትጠሩት የሚመጣ ለውጥ

እስካሁን ያየነው እናንተ «ቀይር» ስትሉ ነው። በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ ግን ማንም ሳይጠይቅ የሚቀየርም አለ። ሳይንድና አንሳይንድ ባለ32 ቢት ቁጥሮች አንድ ላይ ሲወዳደሩ ሳይንዱ ወደ አንሳይንድ ይቀየራል። -1 ከ1 ያንሳል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። 1ዱ አንሳይንድ ከሆነ መልሱ «አያንስም» ነው። -1 መጀመሪያ 4294967295 ሆኗላ።

ወደ ታች የሚቆጥር ሉፕም፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚሠራ ኮድ፣ እንዲሁ ነው። ድርድሩን ከመጨረሻው ጀምራችሁ «ተራ ቁጥሩ ከዜሮ የማያንስ እስከሆነ ድረስ» ትላላችሁ። ተራ ቁጥሩ አንሳይንድ ከሆነ ከዜሮ ሊያንስ አይችልም። 0 ላይ ሲደርስ አንድ ይቀነሳል፣ ወደ ጣሪያው ይዘላል፣ ሉፑም አያበቃም።

አደገኛው ይህ ነው። ከውጭ የመጣ ርዝመት በሳይንድ ተይዟል። ፕሮግራሙ «ከ100 ይበልጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ክፉ ሰው -1 ልኳል። -1 ከ100 አይበልጥም፤ ያልፋል። ቀጥሎ ርዝመቱ ሜሞሪ ለሚገለብጠው ፈንክሽን ይሰጣል። ያ ፈንክሽን የሚቀበለው አንሳይንድ ነው። አሁን ርዝመቱ በቢሊዮኖችና ከዚያም በላይ ሆነ። ከፍተሻው በፊት የተቀየረ ቢሆን ኖሮ ያ ትልቅ ቁጥር ከ100 ስለሚበልጥ እዚያው ይያዝ ነበር። ወይም ፍተሻው «ከዜሮ ያንሳል?» ብሎ ቢጨምር በቂ ነበር። ብዙ የደህንነት ቀዳዳዎች ከዚህች ትንሽ ክፍተት ወጥተዋል።

ጽሑፍን ወደ ቁጥር መቀየር ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። የሲ ቋንቋ ጽሑፍን ወደ አንሳይንድ የሚቀይረው የተለመደው ፈንክሽን «-1» የሚል ጽሑፍ ብትሰጡት ስህተት አይልም። ምልክቱን ተቀብሎ፣ አዙሮ፣ ትልቁን ቁጥር ይሰጣችኋል። ተጠቃሚው የጻፈውን ከመቀየራችሁ በፊት የመቀነስ ምልክት እንዳለው ራሳችሁ እዩ።

ኮምፓይለሮች በዚህ ይረዳሉ፣ ከጠየቃችኋቸው። ጂሲሲና ክላንግ የምልክት ለውጥን የሚያስጠነቅቅ አማራጭ አላቸው። «ሁሉንም አስጠንቅቅ» በሚለው የተለመደ አማራጭ ውስጥ ግን አይካተትም። ለብቻው ማብራት አለባችሁ። አሮጌ ኮድ ላይ ስታበሩት ማስጠንቀቂያው ገጽ ይሞላል። ቢሆንም አብሩት።

እኔ እንዴት አደርጋለሁ?

ፍተሻውን ሁልጊዜ ከመቀየሬ በፊት፣ በመጀመሪያው ዓይነት ላይ አደርጋለሁ። ከተቀየረ በኋላ «ከዜሮ ያንሳል?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም። አንሳይንድ ከዜሮ አያንስም። ማስረጃው ጠፍቷል።

ነጥብ ላለው ቁጥር ጥያቄውን የምጽፈው በ«ውስጥ ነው?» እንጂ በ«ውጭ ነው?» አይደለም። «ከ0 ይበልጣል ወይም እኩል ነው፣ ከወሰኑም ያንሳል ወይም እኩል ነው፣ እንግዲያው ቀይር፤ አለበለዚያ እምቢ በል»። ለምን? ናን የሚባል፣ ቁጥር ያልሆነ ዋጋ አለ። ዜሮን ለዜሮ ስታካፍሉ ይመጣል። ናን ከምንም አያንስም፣ ከምንም አይበልጥም፣ ከምንም ጋር እኩል አይደለም። «ከዜሮ ካነሰ ወይም ከወሰኑ ከበለጠ እምቢ በል» ብትሉ ናን ሁለቱንም አይደለሁም ብሎ ሾልኮ ያልፋል።

ለባለ64 ቢት ደግሞ አንድ ረቂቅ ወጥመድ አለ። ባለ64 ቢት ነጥብ ያለው ቁጥር በትክክል የሚይዘው 53 ቢት ያህል ነው። 18446744073709551615ን መያዝ አይችልም። ወደ ነጥብ ያለው ሲቀየር ወደ ላይ ተጠግቶ 18446744073709551616 ይሆናል። ስለዚህ «ከትልቁ አንሳይንድ ያንሳል ወይም እኩል ነው» ብላችሁ ብታወዳድሩ ይህ በ1 የሚበልጠው ቁጥር ያልፋል፤ ግን አይገባም። ትክክለኛው ጥያቄ «ከ18446744073709551616 ያንሳል?» ነው። «እኩል» የሚለው ቃል መውጣት አለበት።

ስሞክር ተራ ቁጥሮችን አልፈልግም። ለባለ8 ቢት 0፣ 1፣ -1፣ 127፣ 128፣ 255፣ 256 እሰጣለሁ። ነጥብ ላለው -0.5፣ 255.4፣ 255.6 እና ናን እጨምራለሁ። ጽሑፍ ከሆነ «ሀ»ን እሰጠዋለሁ።

የፋይል ቆጣሪውን እንዲህ አስተካከልኩት። ከመቀነሱ በፊት «የተገለበጡት ከጠቅላላው ይበልጣሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ከበለጡ ቀሪው 0 ነው ብሎ አያልፍም፤ ያ ስህተቱን መደበቅ ይሆን ነበር። የፋይሉን ስም ጽፎ ይቆማል። በማግስቱ ሳስነሳው 12ኛው ፋይል ላይ ቆመ። ሁለት ጊዜ የተቆጠረው ፋይል እሱ ነበር። አቋራጭ ነው፤ ሌላ ስም ይዞ ያንኑ ፋይል የሚጠቁም።